ቡላ፣ የዓሣ መረቅ ወይስ የፕሮቲን ዱቄት? ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሁለቱ ፈሳሽ ሳምንታት በሐዋሳ የሚመረጥ

የቤታችን የቡና ሲኒ እስከ አፉ ሲሞላ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይህን ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ከመድኃኒት ቤት በገዛሁት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሃ እየጨመርኩ ስለለካሁት ነው። ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ አዲስ አበባ ላይ የጨጓራ ባይፓስ ተሠርቶላት በአምስተኛው ቀን ወደ ሐዋሳ ስትመለስ የያዘችው ወረቀት አጭር ነበር፦ ለሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ፣ በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን፣ ከአንድ ሊትር ተኩል ያላነሰ ፈሳሽ፣ በአንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር። ወረቀቱ ያልመለሰው ጥያቄ ሌላ ነው። ሕመምተኛ ገባ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ሳህኑን ሸፍኖ በሩን ሲያንኳኳ የቱን እንቀበል፣ የቱን እንመልስ?

ሁለቱን ሳምንት ጓዳ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያጣራሁት፣ ያቀዘቀዝኩት፣ የደፋሁትም እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የፈሳሹ ጊዜ ርዝመት፣ መቼ ወደ ለስላሳ ምግብ እንደሚታለፍ፣ ምን እንደሚፈቀድ ከሐኪም ሐኪም ስለሚለያይ እዚህ የጻፍኩት ከእናንተ ሐኪም ወረቀት ጋር ከተጋጨ የሚከበረው ወረቀቱ ነው። እኔ የማወዳድረው ሐዋሳ ላይ በእጃችን ያለውን ነው።

መጀመሪያ ሲኒዋን እንያት

በአገራችን ሰው የሚያወራላቸው ቀዶ ሕክምናዎች ሁለት ናቸው። በስሊቭ ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ጠባብ ቱቦ ሲሆን ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትያያዛለች። እታለም የቆየ የቃር ሕመም ስለነበረባት ሐኪሟ ባይፓሱን መረጡላት፤ ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል። የእኛ ሰፈር ሰው የሆነ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ሕንድ ሄዶ ስሊቭ አሠርቶ ነበርና ሁለቱን ጎን ለጎን የማየት ዕድል አገኘሁ።

ፈሳሽ ለመምረጥ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ስኳር አይችልም። ጣፋጩ የሚያዘገየው ጨጓራ ሳያገኝ አንጀት ውስጥ ሲወርድ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ላብ፣ የልብ ምት፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ይከተላል። ይህ ዳምፒንግ ይባላል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ ሁለተኛ ዓይነትም አለው፤ እሱ ደግሞ የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርገው ነው። በስሊቭም ሊደርስ ይችላል፣ ግን ያን ያህል አይበዛም። ስሊቭ ያሠራው ጎረቤታችንን ያስቸገረው ኮምጣጣው ነበር፤ እርጎና ብርቱካን ደረቱን ያቃጥሉት ነበር።

አሁን ስሌቱ። አንድ ሊትር ተኩል በ30 ሚሊ ሊትር ሲካፈል 50 ጊዜ ነው። በየሩብ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ከተባለ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማለት ሰው ከጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ሥራው መጠጣት ነው። ቦታዋ ግማሽ ሲኒ የምታህል ጨጓራ ውስጥ የገባ ሁሉ የሌላውን ቦታ ወስዷል። ስለዚህ አንድ ድስት በመጣ ቁጥር የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፦ በግማሽ ሲኒ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን አለው? በአሮጌ ነጠላ ሲጣራስ ያልፋል?

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ 60 ግራሙ አይደረስበትም፤ አትጨነቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅድሚያው የውሃ ነው። ሰውነት ሲደርቅ ነው ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመለሰው።

ቡላ፣ አጥሚት፣ በሶ፣ ሽሮ

ከጎናችን የሚኖሩት እማማ ሲዳማ ናቸው። እታለም በገባች ማግስት ማለዳ ቡላ በወተት አቅጥነው፣ ለጋ ቅቤ ጣል አድርገውበት፣ እስከ እልፍኛችን ድረስ ራሳቸው ይዘው መጡ። ሽታው ቤቱን ሞላው። «ሆዷ ባዶ ነው፣ ይህ አጥንት ይጠግናል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለአራስ፣ ለወገብ፣ ለተሰበረ የሚሰጠው እሱ ነው። ግን ቡላ ከእንሰት የሚወጣ ስታርች ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል ፕሮቲን የለውም። በላዩ ያለው ቅቤ ደግሞ ለአዲስ ቁስል ከባድ ነው። ግማሽ ሲኒዋን በቡላ ስትሞላ ሆዷ ሞልቶ ጡንቻዋ ይራባል ማለት ነው።

አጥሚት የሚባለው ብዙ ነው። የአጃው ከቡላ ይሻላል፤ 30 ግራም የአጃ ዱቄት ወደ 4 ግራም ፕሮቲን አለው። ችግሩ ሲቀዘቅዝ መወፈሩ ነው። ትኩሱን ስታዩት እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ማንኪያ ያቆማል። ስኳር ወይም ማር ካልገባበት፣ በውሃ ምትክ በወተት ከተሠራና ሁለት ጊዜ ከተጣራ በሁለተኛው ሳምንት ያስኬዳል። በሶ ግን በእነዚህ ሳምንታት ይቅር። የገብስ ቆሎ ዱቄት ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ በብርጭቆ ውስጥ የሚያደርገውን በጨጓራም ውስጥ ያደርጋል። ተልባም እንደዚያው። ያሟልጫል ተብሎ ለሆድ ድርቀት የሚመከረው ተልባ ፍሬው ከቀረ ደቃቁ ውሃ ስቦ ይወፍራል። አብሽ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የደም ስኳር ስለሚቀንስ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይነካውም። ሰው ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የስኳር መድኃኒቱ መጠን በቀናት ውስጥ መቀነስ ሊያስፈልገው ይችላልና ሁለቱ ሲደራረቡ ይጥላሉ።

ከእህሉ ወገን እኔ የማደላው ለሽሮ ነው። በበርበሬ ያልተመታ ነጭ የሽምብራ ሽሮ 30 ግራም ከ6 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ከአጃው አንድ ጊዜ ተኩል ማለት ነው። በብዙ ውሃ፣ ሽንኩርት ሳይቁላላ፣ በጥቂት ዘይት አቅጥኖ ማብሰልና ማጣራት ነው። ነፋት ያመጣል፣ አይካድም። እታለም በዘጠነኛው ቀን ሁለት ግማሽ ሲኒ ጠጥታ ሌሊቱን ስታጉረመርም አድራለች። ሆኖም ከቀናት የወተት ጣዕም በኋላ ጨው የነካው ነገር አፏ ሲገባ የነበራትን ፊት ስላየሁ ከሽሮው አልታረቅም ማለት አልቻልኩም።

መረቅ፦ የበሬ፣ የዶሮ ወይስ የዓሣ?

መረቅ የሚወደሰውን ያህል አያጠግብም። አጥንቱ ሲፈላ የሚለቀው ፕሮቲን ጥቂት ግራም ነው፤ እሱም አብዛኛው ጄላቲን ነው። ጄላቲን ሰውነት የግድ ከምግብ ከሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ የጎደለው በመሆኑ ሙሉ ፕሮቲን አይባልም። ታዲያ መረቅ ለምን ይጠጣል? ለውሃው፣ ለጨውና ለሙቀቱ። ሰው ጣፋጭ በሰለቸው ሰዓት ፈሳሽ እንዲወስድ የሚያባብለው እሱ ነው። የሾርባ ኪዩብ ግን መረቅ አይደለም፤ ጨው ነው።

የበሬውና የበጉ ጣዕማቸው የማይካድ ቢሆንም ስባቸው ይበዛል። አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ ላዩ ላይ የረጋውን ነጭ ስብ በማንኪያ ማንሳት ያስፈልጋል፤ መብራት በጠፋበት ቀን ይህ አይሆንም። የዶሮው ቆዳው ከተገፈፈ ቀለል ይላል፣ ዋጋው ግን አይቀልም። የሐዋሳ ሰው ሌላ ምርጫ አለው፤ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሕመምተኛ በቀላሉ የማያገኘው።

ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጀልባዎቹ ጠርዙን ይዘው ይቆማሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን በቢላዋ ጫፍ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አድርገው ሥጋውን ያነሳሉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ክንፋቸውን አጣጥፈው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ሥጋው ከተነሳ በኋላ የሚቀረው ራስና አጥንት ለመረቅ የሚሆነው ነው። እኔ በየሁለት ቀኑ የምገዛው እሱን ነበር። ስንጥቡን አውጥቶ በደንብ ማጠብ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ቁራጭ ዝንጅብል ጨምሮ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በለዘብተኛ እሳት ማፍላት፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ከዚያ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ ታጥቦ በፈላ ውሃ በተነከረ አሮጌ ነጠላ ማጣራት። የዓሣ አጥንት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ወንፊት ብቻ አያምኑትም። ከቆሮሶና ከአምባዛ ለዚህ ሰሞን ቆሮሶ ይመረጣል፤ ስቡ ያነሰ ነው።

እዚያው ሐይቁ ዳር በብርጭቆ የሚሸጠው ትኩስ የዓሣ ሾርባስ? ለጤነኛ ሰው የማለዳ ጸሎት ነው፤ ለእታለም ግን አልገዛሁላትም። ሚጥሚጣው አለ፣ አጥንቱ አለ፣ ማን መቼ እንዳፈላው አይታወቅም። በአዋዜ የሚበላውን ጥሬውን ዓሣማ አለማንሳት ነው።

በነገራችን ላይ መረቁን ሙሉ ዋጋ ያለው ማድረጊያ መንገድ አለ። ከእሳት ወርዶ ጣት የሚያስገባ ያህል ከቀዘቀዘ በኋላ ጣዕም ያልተጨመረበት የፕሮቲን ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመር ነው። በሚፈላው ላይ ከጨመራችሁት ይቋጥራል። እኔ የመጀመሪያውን ድስት በዚህ ስሕተት ለድመት አበርክቻለሁ።

ወተት ሁሉ አንድ አይደለም

የሁለቱ ሳምንት ምሰሶ ወተት ነው፤ የሚስማማው ሰው ከሆነ። የላም ወተት በሊትር ከ32 እስከ 33 ግራም ፕሮቲን አለው። እንደ ወረደ ከተጠጣ 60 ግራም ለመድረስ ሁለት ሊትር ሊጠጣ ነው፣ ይህ ደግሞ አይሞከርም። መፍትሔው ወተትን በወተት ማወፈር ነው። አንድ ሊትር የፈላ ወተት ላይ 80 ግራም፣ ማለትም ወደ 10 የሾርባ ማንኪያ፣ ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት ቢመታበት ወደ 28 ግራም ይጨምርለታል፤ ሁለቱ ተደምረው 60 ይሞላሉ፣ ለውሃም ግማሽ ሊትር ቦታ ይተርፋል።

እዚህ ላይ የጣሳውን ጀርባ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ የሚመስሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉና። ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት በ100 ግራም 35 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሙሉ ስብ ያለው 26 ገደማ ነው። «ለሕመምተኛ ጥሩ ነው» ተብሎ የሚገዛው የሕፃናት ወተት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ብቻ ነው፤ ለሕፃን ተብሎ ስብና የወተት ስኳር የበዛበት ነውና ለትልቅ ሰው ቁስል አይሠራም። ዋጋው ግን ከሦስቱም ይበልጣል። አንዲት የእታለም የሥራ ባልደረባ ሁለት ጣሳ ይዛ መጣች፤ አመስግነን ተቀብለን፣ ሁለቱንም አራስ ለነበረች የአክስቴ ልጅ ላክናቸው።

ጥሬ ወተት ምንም ያህል ከሚያውቁት ቤት ቢመጣ ይፍላ፤ ብሩሴላና ሳንባ ነቀርሳ በወተት ይተላለፋሉ። ከፈላ በኋላ አሳድሮ ስልባቦቱን ማንሳት ስቡን ይቀንሳል። አሬራ ስቡ የወጣለት በመሆኑ በወረቀት ላይ ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በልማድ የሚናጠው ካልፈላ ወተት ነው። እኔ የፈላ ወተት ላይ የእርጎ እርሾ ጨምሬ፣ ሲረጋ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ አቅጥኜ፣ አጣርቼ እሰጣት ነበር። ወተት ሆዷን ሲነፋት የነበረው በእርጎው ቀነሰ፤ እርሾው የወተቱን ስኳር በከፊል ይበላዋልና። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ድሮ ወተት የተስማማው ሰው ላይስማማው ይችላል፤ እሱን የሚያውቀው ሆዱ ብቻ ነው። አጓትን ደግሞ ብዙ ሰው ከአይቡ ስለሚወጣ ብርቱ ነገር ይመስለዋል። ፕሮቲኑ አይቡ ውስጥ ቀርቷል፤ አጓት ከሞላ ጎደል ውሃ ነው።

እማማን የታረቅናቸው በወተት ነው። ቡላቸውን ሳትጠጣላቸው ስትቀር ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ «እማማ፣ ሐኪሞቹ ወተት ነው ያዘዙላት፤ ከእርስዎ ዘንድ ይገኛል?» አልኳቸው። ቱላ ካሉት ዘመዶቻቸው በየማለዳው አንድ ሊትር አስመጡ። ለራሴ የነገርኩት ምክር ይህ ነው፤ ለሚያመጣ ሰው «አትምጣ» ከማለት የሚያመጣውን መንገር ይቀላል።

ዱቄቱ፦ ያከሰረኝ

ወተት ለማይስማማው ሰው፣ ወይም ሊትሩን መጨረስ ላቃተው፣ የፕሮቲን ዱቄት ከሁሉም በላይ ቦታ ይቆጥባል። ከብዙ የአይብ ውሃ ተጣርቶና ደርቆ የሚሠራው ዌይ የሚባለው ዱቄት በአንድ መስፈሪያ፣ 30 ግራም ገደማ፣ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ይህ ከሦስት ብርጭቆ ወተት የሚስተካከል ነው። ዌይ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ «አይሶሌት» የተጻፈበት የወተት ስኳሩ በጣም ያነሰ ነው፣ «ኮንሰንትሬት» የተጻፈበት ርካሽ ሲሆን ሆድ ሊነፋ ይችላል።

እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት ሁለቱንም አልነበረም። የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ «ፕሮቲን» አልኩ፤ ልጁም ባልዲ የሚያህል ዕቃ አወረደልኝ። ትልቅነቱ ደስ አለኝ። ቤት ወስጄ በጠበጥኩ፣ እታለም በሩብ ሰዓት ልዩነት ሁለት ግማሽ ሲኒ ጠጣች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ «ልቤ» አለችና ሶፋው ላይ ጋደም አለች፣ እጇ በረዶ ሆነ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቃት። ያኔ ነው ባልዲውን አዙሬ ያነበብኩት። ክብደት መጨመሪያ ዱቄት ነበር፤ ከሲታ ወጣቶች እንዲወፍሩ የሚጠጡት፣ አብዛኛው ካርቦሃይድሬት የሆነ። ክብደት ለመቀነስ ሆዷን ላስቆረጠች ሴት! ዛሬ እሷ ስትስቅበት እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ከስሙ በፊት ሠንጠረዡን አንብቡ። ከአንድ መስፈሪያ ውስጥ ፕሮቲኑ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ካልሆነና ስኳሩ ከጥቂት ግራም ከበለጠ መልሱት። የታሸገበት ክዳን ያልተነካ፣ ቀኑም ያላለፈ ይሁን። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ሆኖም ለሁለት ሳምንት አንድ ጣሳ ይበቃል። ወተት የሚስማማው ሰው ያለ እሱም እንደሚደርስ ከላይ ያለው ስሌት ያሳያል። አቅም ለሌለው ሰው ዌይን እንደ ግዴታ የሚነግሩት አልወድላቸውም።

ውሃ፣ ጁስ፣ አምቦና ቡና

ውሃ በክፍሉ ሙቀት ይሁን፤ በጣም የቀዘቀዘው ቁርጠት ያመጣባት ነበር። ስትሮው አይጠቅምም፤ ከፈሳሹ ጋር አየር ያስገባል። አምቦ ውሃና ለስላሳ መጠጦች ጋዝ ስላላቸው አይፈቀዱም። ቀጭን ሻይ ያለ ስኳር ይሆናል።

የሐዋሳ የጁስ ቤቶች ነገር ከባድ ፈተና ነው። አቮካዶው ከእኛው አካባቢ ነው፣ ትኩስ ነው፣ «ፍራፍሬ አይደል እንዴ!» ይባላል። ነገር ግን ማንኪያ የሚያቆመው ስፕሪስ ፈሳሽ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፣ ስቡና ስኳሩ ግን ብዙ ነው። ማንጎና ፓፓያው ያው ስኳር ናቸው። ጁስ ከተባለ ከሁለት ወር በኋላ፣ ያኔም በማላመጥ የሚበላው ፍሬ ይሻላል።

ቡናውን ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያው ወር ገደማ ያስቆማሉ፤ የጨጓራ አሲድ ይቀሰቅሳል ይላሉ። ሲዳማ ምድር ላይ ቡና አቁሚ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። እታለም ሲቆላ ተነስታ ወደ ውጭ ትወጣ ነበር። በኋላ ሌላ ዘዴ አገኘች፤ እኛ አቦል ስንጠጣ በእሷ ሲኒ የዓሣ መረቅ ግማሽ ይቀዳላታል፣ ቶና ላይ ሁለተኛ፣ በረካ ላይ ሦስተኛ። ጀበናው እስኪያልቅ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ጠጥታ ትነሳለች። በየሩብ ሰዓቱ ሰዓት እየቆጠርኩ ከምነዘንዛት ይህ በጣም ተሻለ።

ጾም ሲገባ

ቀዶ ሕክምናዋ ሐምሌ 22 ነበር። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ወተት፣ እርጎና ዓሣ ሲቀሩ ከዚህ ጽሑፍ ምን እንደሚተርፍ ቁጠሩት፤ ሽሮና አጃ ብቻ ነው። በእነዚህ 60 ግራም አይሞላም። የጾም ምርጫ የሚሆነው የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት ነው፣ በመስፈሪያ ከዌይ ብዙም አያንስም፤ ያልጣፈጠ የአኩሪ አተር ወተትም ከላም ወተት የሚቀራረብ ፕሮቲን አለው፣ ቤት ውስጥ ከተሠራ ግን በደንብ መፍላት አለበት። እታለም መጀመሪያ በዚህ ልትሞክር አሰበች፤ የንስሐ አባታችን ግን «ሕመምተኛ ነሽ፣ ስትድኚ ትጾሚያለሽ» ብለው ቆረጡላት። ከቀዶው በፊት ቀኑን ከጾሙ ጋር አስተያይቶ መቅጠር ይሻል ነበር፤ እኛ አላሰብንበትም።

የረመዳን ጾም ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ የሚከለከለው ዓይነቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው፤ 50 ጊዜ በግማሽ ሲኒ የሚጠጣ ሰው ያን ሁሉ በሌሊት ሊጨርስ አይችልም። ሙሉ ቀን ምንም ሳይቀመስ የሚያዝ ጾም ጸሎትም ያው ነው። በዚህ ሰሞን የሁለቱም መልስ አንድ ነው፦ አይሆንም።

መረቅ የማይመልሰው

የትኛውንም ብትመርጡ ይህን ከግድግዳ ላይ ለጥፉ። የልብ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የጠጡት ሁሉ ለግማሽ ቀን ከተመለሰ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ከጠፋ ሰውነት ደርቋል። ለቀናት የቆየ ትውከት የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አምጥቶ አንጎልን ይጎዳል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀዶውን የሠራው ሐኪም ስልክ እስኪያነሳ አትጠብቁ። ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁን ማጠቃለያ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም አቅራቢያችሁ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በተለይ ለባይፓስ ጠላት ናቸው፤ ቁስለት ያመጣሉ። መድኃኒት ቤት ስትገቡ ቀዶውን ተናገሩ። ካልሲየምና ብረት ከታዘዙ በሁለት ሰዓት ልዩነት ይወሰዱ፣ አንዱ ሌላውን ያግደዋልና።

በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ሐኪሟ በስልክ «አሁን የተፈጨ ትጀምር» ካሉ በኋላ፣ አሞራ ገደል ወርጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ራስና አጥንት ሳይሆን ሥጋውን ገዛሁ። አንድ መዳፍ የሚያህል ቆሮሶ በራሱ መረቅ ቀቅዬ፣ አጥንቱን ሁለት ጊዜ በጣቴ ፈልጌ፣ ፈጭቼ በዚያችው ሲኒ አቀረብኩላት። በሻይ ማንኪያ ሦስት ጊዜ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ጠገብኩ» አለች። እማማ በዚያ ቀን ከወተቱ ጋር ገብተው ስለነበር ሲኒውን አዩና «ታዲያ ቡላዬ መቼ ነው?» አሉኝ። ሁለት ወር ሲሞላ፣ ቅቤው ሳይበዛበት፣ ከዓሣው በኋላ ቦታ ከተረፈ አልኳቸው።